ሁለተኛው ጠረጴዛ

አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚከሱት ሕጉን ነው። ፋየርዎሉ ላይ የጻፍነውን የይለፍና የክልከላ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፤ አንዱን መስመር ይሰርዛሉ፣ ሌላውን ወደ ላይ ያወጣሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ያው ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ራሳቸው እስኪደርሱበት ትንሽ ልታገሥ እሞክራለሁ፤ ትዕግሥት ግን ከተፈጥሮዬ አልተሰጠኝም። «ሳጥኑ ውስጥ ስንት ጠረጴዛ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማ ልጅ ያረጀሁ ይመስለዋል። ጠረጴዛ የምለው ፕሮሰሰሩን ነው። ፋየርዎል የሚመጣውን የመረጃ ጥቅል፣ ፓኬት የምንለውን ሁሉ አስቁሞ፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ብሎ፣ የተፈቀደውን የሚያሳልፍ፣ ያልተፈቀደውን የሚያስቀር ማሽን ነው። የተጻፈላቸው ሕግ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ማሽኖች ፈጽሞ የማይመሳሰል ሥራ ይሠራሉ። አንዱ ሁሉን ፓኬት በአንድ ፕሮሰሰር ፊት ያሰልፋል፤ ሌላው ለብዙ ፕሮሰሰሮች ያከፋፍላል፤ ሌላው ደግሞ አንዴ ተጠይቆ ያለፈውን ዳግም ሳይጠይቅ የሚያሳልፍ፣ ለዚሁ ብቻ የተሠራ ቺፕ አለው። ሕጉን ከማንበብ በፊት የሳጥኑን አሠራር ማየት ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። ይህንን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በደርግ ጊዜ ከናዝሬት ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ኬላ ነበር፤ እዚያ ሴት ፈታሽ ነበርኩ።

የመጣሁት ከጎጃም ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪኩ አልመጣልኝም፤ እናቴ ቤት ቁጭ ብላ ከምትነዛነዘኝ ብላ ናዝሬት ወደሚኖሩት አጎቴ ላከችኝ። አጎቴም ኬላው ላይ ሴት ፈታሽ እንደሚፈለግ ሰምተው አስቀጠሩኝ። ሴት መንገደኛን ወንድ አይፈትሽም፤ ስለዚህ ከምሥራቅ በኩል በሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ ያለች ሴት ሁሉ በእኔ እጅ ማለፍ ነበረባት። እጄ ፈጣን ነበር፤ አፌ ደግሞ ከእጄ ይቀድም ነበር። በዚህ እኮራ ነበር። ኦሮምኛ አላውቅም፤ ከአጎቴ ቤት እስከ ገበያው በአማርኛ ይኬዳል፣ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም ለሚለኝ ሰው ደግሞ የሚመለሰውን መልስ አጥንቻለሁ፤ ይህን ይዤ ቋንቋው የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ኬላው ስደርስ የነበረው ነገር ይኸው ነው፦ መንገዱን የሚያቋርጥ አንድ ገመድ፣ ገመዱ የሚታሰርባቸው ድንጋይ የተሞሉ ሁለት በርሜሎች፣ ግራር ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ መዝገብ፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ጥቅል ፈቺ። ከጎኑ የእኔ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ በር ያላት፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ እንደ ዳቦ መጋገሪያ የምትግል። አውቶቡስ ሲቆም ሰው ሁሉ ይወርዳል፤ ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ ጥቅሉን ሁሉ ያወርዳል፤ ከዚያ አንድ ሰው ከነጥቅሉ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባል፣ የይለፍ ወረቀቱ ይነበባል፣ ጥቅሉ ይፈታል፣ ሴት ከሆነች እኔ ጋ ትገባለች፣ በገባችበት በር ትወጣለች፣ ቀጣዩ ይጠራል። የምንፈልገው ኮንትሮባንድ ነበር፤ ጨርቅ፣ ሲጋራ፣ ባትሪ፣ ያለ ፈቃድ የሚጓዝ ቡና።

ከአውቶቡሱ ኋላ ሌላ አውቶቡስ ይቆማል፤ ከሱ ኋላ ቲማቲም የጫነ መኪና። የናዝሬት አቧራ ተነሥቶ ሁሉንም እኩል ያለብሳል። ሾፌሮቹ ሕጉን ይረግሙ ነበር፣ ቀስ ብለው፣ ጆሯችን እንዳይደርስ። እኛም ሕጉ ነው እንል ነበር። ቲማቲሙ የሚያንጠባጥበው ውኃ አስፋልቱ ላይ ሲደርቅ አይቼ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ብዬ አምኜ ነበር።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ ተመደቡልን። ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመት የመጭመቂያው ክፍል ፎርማን የነበሩ፣ አጭር፣ ሁልጊዜ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ለምን ፋብሪካውን ትተው ኬላ እንደመጡ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ያኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። ጓድ ኃላፊ እንላቸዋለን፤ እሳቸው እኔን «አንቺ ልጅ» ይሉኛል። የመጡ ሰሞን ምንም አላዘዙም። በርሜሉ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ይውላሉ። ሰነፍ ሰው ላኩልን ብዬ ለጸሐፊው አማኋቸው።

በሳምንታቸው ሰበሰቡንና መናገር ጀመሩ። ፋብሪካ ውስጥ፣ አሉ፣ አገዳው በጋሪ ሞልቶ ደጅ ላይ ሲደርቅ አለቆቹ ገበሬውን፣ ሾፌሩን፣ ቆራጩን ይቆጣሉ፤ ነገሩ ግን ያለው መጭመቂያው አፍ ላይ ነው። አፉ የሚውጠው ያህል ብቻ ነው የሚያልፈው። እዚህም የሚያዘገየን ሕጉ አይደለም፤ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው እጁን አጣጥፎ የሚቆምበት አቀማመጥ ነው አሉ። ጸሐፊው ወረቀት ሲያነብ ጥቅል ፈቺው ይቆማል፣ ጥቅል ሲፈታ ጸሐፊው ይቆማል፣ እኔ ሴት ስፈትሽ ሁለቱም ይቆማሉ። ይህን ሲሉ ፊቴ ጋለ፤ በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም ነበርና።

በነጋታው ሁለተኛ ጠረጴዛ መጣ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ጸሐፊው ተቀምጦ ሰውና ወረቀት ብቻ ያያል። ሁለተኛው ጠረጴዛ ከአውቶቡሱ ኋላ ሆኖ ከፖርቶ መጋላ የወረደውን ጥቅል ብቻ ይፈታል፤ የራሱ መዝገብ አለው። የእኔ ክፍል ቆርቆሮ ተቆርጦላት ሁለተኛ በር ወጣላት፤ ሴቶቹ በአንዱ ገብተው በሌላው ይወጣሉ፣ መግቢያው ላይ መጋፋት ቀረ። ሦስቱም ሥራ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። በሳምንቱ ሰልፉ አጥሮ ከግራሩ ጥላ አልፎ የሚቆም መኪና ጠፋ። እነዚያ ሲረግሙን የነበሩ ሾፌሮች ሙዝ ይወረውሩልን ጀመር። ጓድ ኃላፊን ወደድኳቸው። ሐሜቴን ግን አልነገርኳቸውም።

ነገሩ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቅል ፈቺውን ወባ ይዞት ቀረ። ጓድ ኃላፊ ጥቅሉን ጸሐፊው ደርቦ እንዲያይ ሲያስቡ እኔ ችዬ እሠራለሁ አልኩ፤ ሴቶቹን ፈትሼ በኋላ በር ወጥቼ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ እደርሳለሁ። እጄ ፈጣን ነው አላልኩም? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት እናቴ ስትተርት ሁሌ እኔን እያየች ነበር።

ከወለንጪቲ የመጣው አውቶቡስ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹን አንድ በአንድ ጨረስኩ፤ መጨረሻ ላይ የነበረችው ጥሩ ነጠላ የለበሰች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ነበረች፤ ምንም አልያዘችም፣ አሳለፍኳት። በኋላ በር ወጥታ ሄደች። እኔም ተከትዬ ወጥቼ ወደ ጥቅሎቹ ሮጥኩ። አንድ የሽንኩርት ማዳበሪያ ከሌሎቹ ተለይቶ ቆሞ ነበር፤ አጠገቡ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጭን ረጅም ሰው፣ በባዶ እጃቸው ቆመዋል። ማዳበሪያውን ከላይ ስከፍተው ሽንኩርት ነው። እጄን ወደ ውስጥ ስሰደው ጨርቅ ነካሁ። ጣቃ ጨርቅ፣ ከሥሩ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ሲጋራ።

«የእርስዎ ነው?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ማዳበሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በአገጫቸው ወደ ቆርቆሮ ክፍሌ እየጠቆሙ «ካን ኢሺ» አሉ። ያልገባኝ መስሏቸው ደገሙት፤ «ኢሺ፣ ኢሺ።»

እሺ አሉ። ሦስቴ እሺ አሉ። እኔ የሰማሁት ይህንን ነው። አገጫቸውን ወደ ክፍሌ ያነሡትም፣ በሉ እንግዲህ ውሰዱኝ ማለታቸው ነው ብዬ ተረጎምኩት። እንዲህ ቶሎ ያመነ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ስማቸውን ጠይቄ በጥቅሉ መዝገብ ላይ ጻፍኩ፣ ባለቤት ነኝ ብሎ ያመነ ብዬ ጨመርኩበት፣ በአውራ ጣታቸው አስፈረምኳቸው። የኬላው ጥበቃ ወስዶ ከክፍሌ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጣቸው። የያዝነውን ሰው ከሰዓት በኋላ ከከተማ የሚመጣ የፖሊስ መኪና ይወስደዋል። ሽማግሌው አውቶቡሱ ሲነሣ ባዩ ጊዜ ግን ጠባያቸው ተለወጠ። የቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ክንዳቸውን መታ መታ እያደረጉ «ዲጋ፣ ዲጋ» ይሉኝ ጀመር። ድህነታቸውን፣ መክሳታቸውን የሚያሳዩኝ መሰለኝ። አዘንኩላቸው፤ ማዘኔን እንደ ደግነት ቆጥሬ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

ከምሳ በኋላ ሌላ አውቶቡስ መጣ። ሁለት ልጃገረዶች አብረው ክፍሌ ገቡ፤ ወለሉ ላይ አንድ ፌስታል ተቀምጧል። የማን ነው ስላቸው አንደኛዋ ጓደኛዋን እያሳየች «ካን ኢሺ» አለች። እሺ ካልሽ ክፈቺው አልኳት። ሳቋ መጣ። እሷ እሺ አላለችም፤ በኦሮምኛ ኢሺ ማለት እሷ ማለት ነው፣ ካን ኢሺ የእሷ ነው ማለት ነው ብላ በጥሩ አማርኛ አስረዳችኝ። ገና ሳትጨርስ አቋረጥኳት።

«ዲጋ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ደም።»

ያቺን ባለ ጥሩ ነጠላ ሴት፣ በገዛ እጄ ፈትሼ በኋላ በር ያወጣኋትን ሴት፣ ያኔ ነው ያየኋት። ሽማግሌው የእሷ ነው እያሉ ወደ ክፍሌ ሲጠቁሙ እሷ በሌላው በር ወጥታ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ደሙ ግን ገና አልገባኝም። ልጃገረዶቹን ትቼ ወደ ጸሐፊው ሮጥኩ። ጸሐፊው የዚያው የወለንጪቲ፣ የቦሰት አገር ልጅ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ይናገራል። የዚያ ሽማግሌ ወረቀት ምን ይላል አልኩት። ከገበሬ ማኅበራቸው የተጻፈ ነው፣ አለኝ፣ ልጃቸው ናዝሬት ሆስፒታል ተኝታለች፤ ዛሬ ሆዷ ሊቀደድ ነው፣ ደም ሊሰጧት ነው የሚሄዱት፤ አሳልፌያቸዋለሁ እኮ፣ ምነው?

አስፋልቱ መሀል ቆሜ ያሰብኩትን ልናገር፤ ዛሬ ማፈር አያስፈልገኝም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጣታቸው አለበት፤ በዚያ ላይ ያንን ዓይነት ስህተት ስህተት ብሎ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ አሻጥር ይባላል፤ ጎረቤታችን የነበረ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ በዚህ ቃል ሄዶ አልተመለሰም። ኮንትሮባንድ ነጋዴ አሳልፋ ገበሬ ያሰረች ሴት ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ይህን እያሰብኩ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከዕቃ ቤቱ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል፤ አሁን መጮኹን ትተው እንደ ጸሎት ያለ ነገር እያጉረመረሙ ነበር። እግሬ ወደ ጓድ ኃላፊ ሄደ እንጂ እኔ ሄድኩ ለማለት አልደፍርም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ስለነበር ሁለቴ አስደገሙኝ። አልተቆጡም። ሁለቱን መዝገቦች አስመጥተው ጎን ለጎን ዘረጉ። በጸሐፊው መዝገብ፣ በሽማግሌው ስም ትይዩ፣ ወደ ሆስፒታል፣ ጭነት የለውም ይላል። በእኔው መዝገብ፣ በዚያው ስም ትይዩ፣ አንድ ማዳበሪያ ኮንትሮባንድ ይላል። ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለሱ። ከዚያ ዕቃ ቤቱን አስከፈቱ፤ ጸሐፊው በኦሮምኛ አስረዳቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መንገዱ ወጡ። ጓድ ኃላፊ ቲማቲም የጫነ አንድ መኪና አስቁመው ሽማግሌውን ጋቢና ካስገቡ በኋላ ራሳቸውም ከጎናቸው ተሳፈሩ። ሰው ሆስፒታል በር ላይ ወረቀት ጎደለህ ብሎ እንዳይመልሳቸው ነው አሉ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ፈርመው ለጸሐፊው ሰጡት፤ የፖሊስ መኪናው ሲመጣ ይህን ስጥ ብለው።

ወረቀቱን አነበብኩት። ስሜ የለበትም፤ የተጻፈው በጓድ ኃላፊ ስም ነው። ሰውን፣ ወረቀትንና ጥቅልን በየጠረጴዛው የለያየሁት እኔ ነኝ፤ አንዱ ጠረጴዛ የሚያውቀውን ሌላው እንዳያውቅ ያደረገው ይህ የእኔ አሠራር ነው፤ በዚህ ምክንያት ንጹሕ ሰው ተይዞ የዕቃው ባለቤት አምልጧል፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ ይላል። አራት መስመር አይሞላም። ፖሊሶቹ መጥተው አንብበውት፣ ተያይተው፣ ማዳበሪያውን ጭነው ሄዱ። ስህተቱ የእኔ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ጸሐፊው እግሬን ረገጠኝ።

ጓድ ኃላፊ አመሻሹ ላይ በእግራቸው ተመለሱ። ሸሚዛቸው በአቧራ ቀልቷል። ምን ሆነ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። እሳቸው ግን ገና ከሩቅ እጃቸውን አነሡልኝ፤ ሐኪሙ ደሙን እየጠበቀ ነበር፣ ደረሱ፣ ገባላት አሉኝ። በርሜሉ ላይ ተደግፌ እንደገና አለቀስኩ፤ ያኛው ለቅሶ ግን ጥሩ ነበር።

ጊዜ ሳይፈጁ ጠረጴዛዎቹን እንደገና አስቀመጡ። ሁለትነታቸው ቀረ እንዳትሉ፤ ሁለት ናቸው። አሁን ግን አውቶቡሱ በወንበር ይከፈላል፤ የፊት ወንበሮች መንገደኛ ከነወረቀቱ፣ ከነጥቅሉ፣ ሴትም ከሆነች ከነነጠላዋ ወደ አንደኛው ጠረጴዛ፤ የኋላዎቹ ሁሉን ይዘው ወደ ሁለተኛው፤ ሴቶቹን እኔ ፈትሼ ወደየጠረጴዛቸው እመልሳለሁ። አንድ ሰው የያዘው ሁሉ በአንድ ዓይን ፊት ያልፋል፤ ሁለት ዓይን ላይ አይበተንም። ፍጥነቱ ትንሽ ቀነሰ፤ ከድሮው ግን ብዙ ይሻል ነበር። ከዓመታት በኋላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ከዚያም ኔትወርክ ላይ ስሠራ፣ ጥሩ የሚባለው ፋየርዎል ውስጥ ይኸው ነገር ተሠርቶ አገኘሁት። ፓኬቶቹን ለብዙ ፕሮሰሰር ሲያከፋፍል ዝም ብሎ አይበትናቸውም፤ ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ የሚሄዱት ሁሉ ወደ አንድ ፕሮሰሰር እንዲሄዱ የሚመድብ ክፍል ከፊት አለው። ያ ከሌለ አንዱ ፕሮሰሰር ያየውን ሌላው አያውቅም፣ ንጹሑን ይይዛል፣ ሌባውን ያሳልፋል። አስተማሪያችን ይህን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ሲስል ከክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ ዓይኔ እንባ ያቀረረው።

ሽማግሌው ልጃቸውን ይዘው ሲመለሱ ኬላችን ላይ አገኘኋቸው። ልጅቷ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድማለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ግን ዓይኗ ይስቃል። ከጸሐፊው ያጠናሁትን «ዺፈማ» የሚለውን የይቅርታ ቃል እየተንተባተብኩ አልኩ። ሽማግሌው አላወቁኝም መሰለኝ፤ ከዚያ አወቁኝ። እጅጌያቸውን እንደዚያ ቀን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡና መርፌው የገባበትን ቦታ አሳይተውኝ ሳቁ። ጸሐፊውን አስጠርተው ያስተረጎሙልኝ አንድ ነገር ነው፤ አገጬን ከምታዪ አፌን ብትጠይቂ ይሻል ነበር ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ያን ዓመት ኦሮምኛ መማር ጀመርኩ፤ ዛሬ በጎጃምኛ ዘዬ እናገረዋለሁ ብለው ልጆቼ ይስቁብኛል።

የጓድ ኃላፊ ወረቀት ግን መንገዱን ቀጠለ። ከከተማ ሰዎች መጥተው ጠየቋቸው፤ እሳቸው የጻፉትን ደገሙ እንጂ አንድ ቃል አልጨመሩም። እኔም ተጠራሁ። ስህተቱ የእኔ ነው አልኩ፤ ጠያቂው ወረቀቱን ዝቅ ብሎ አይቶ፣ ያንቺ ስም እዚህ የለም፣ ውጪ አለኝ። ጓድ ኃላፊ ከኃላፊነት ተነሡ፤ ተራ ፈታሽ ሆነው ወደ ቡልቡላ በኩል ያለች አንዲት ትንሽ ኬላ ተመደቡ። በዚያ ጊዜ ይህም እንደ ምሕረት ነው የተቆጠረው፤ የከፋ ይመጣል ብለን ስንቱን ቀን ሳንተኛ አድረናል።

የሚሄዱበት ቀን ዕቃቸውን ስንጭን እኔና ጸሐፊው ነበርን። ብዙ አልነበረም፤ አልጋ፣ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ድስት። ጸሐፊው ሾፌሩን ሊጠራ ሲሄድ ብቻችንን ቀረን። ስንት ቀን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋና አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ።

«ጓድ፣ ለምን ስሜን አልጻፉም? ሽማግሌውን ያሳሰርኳቸው እኮ እኔ ነኝ።»

የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ነካ አደረጉ። «የጻፍኩት እውነቱን ነው፤ ያንን አቀማመጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ደግሞ ያንቺን ስም ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈትሺው ራስሽን ለማዳን ይሆን ነበር። የፈራ ፈታሽ ማንንም አያሳልፍም። ገና ስንት ሰው እጅሽ ላይ ይመጣል።»

ከዚያ ኬላ እስክወጣ ድረስ የሆስፒታል ወረቀት የያዘ ስንት ሰው እጄ ላይ መጣ፤ የታመመ፣ ሊወልድ የደረሰ፣ ሊቀብር የሚሄድ። አስቁሜ፣ ጠይቄ፣ ዓይኑን አይቼ ሳልፈራ አሳለፍኩት። የማን ሥራ እንደሆነ በየቀኑ አውቅ ነበር። ያን ዕለት ግን መኪናው ሲነሣ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ ማለት ሲገባኝ፣ ከኋላው ትንሽ ሮጬ የጮኽኩት፣ ሲባጎው ላልቷል፣ አልጋው እንዳይወድቅ ብዬ ነበር።